«የቱን?» የማይጠየቅበት ሱቅ

ዲላ ገበያ ዳር ባለችው ሱቃችን ውስጥ የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው። ነጩም፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለውም፣ በትንሽ ላስቲክ የታሸገውም፣ በኪሎ የሚሸጠውም። የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት፣ የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ፣ ቅባት ሁሉ ቫዝሊን። ሞዴስም የትኛውም ፋብሪካ ይሥራው ሞዴስ ነው። ልጃገረዶቹ እሱን በአፋቸው አይጠሩትም፣ በዓይናቸው ነው የሚነግሩን፤ እናቴም በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች።

ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ከአዲስ አበባ ለዩኒቨርሲቲ የመጣው ተማሪ፣ ሁሉም በየራሱ ቅላጼ ይጀምርና እነዚህ ቃላት ላይ ሲደርስ አንድ ቋንቋ ይናገራል። እኔ ፊደል የለየሁት በዚሁ ሱቅ ካርቶን ላይ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ዕቃ ስደረድር አንዱን ፊደል ካንዱ እያጋጠምኩ፣ መጀመሪያ የአማርኛውን፣ ቆይቼ የፈረንጁን። ጥርት አድርጌ ማንበብ የቻልኩ ቀን መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩትና ክው አልኩ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ኦሞ አይደለም!»

«ምንድነው ታዲያ?»

«ሌላ ስም ነው የተጻፈበት። ይሄም አይደለም። ይሄኛውም አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ፣ ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ ሱቄን ልታፈርሺብኝ ነው? እሱ የፋብሪካው ስም ነው። ኦሞ እኛ የምንጠራው ነው።»

ያን ቀን እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ቀረሁ። እናንተዬ፣ የማላውቀው አገር ሰው ለሸቀጡ ያወጣው ስም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ከካርቶኑ ወርዶ፣ እንደ ሰው ከሰው ጋር ተጋብቶ ይኖራል! ሸቀጡ ከሱቃችን ካለቀ ስንት ዓመቱ፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የእናቴ አሠራር ነበር። ደንበኛ «ኦሞ» ሲላት «የቱን?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ፊቱን ታይና ታነሳለች። አስተማሪው ሽታ ያለውን፣ ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ አረፋ የሚበዛውን፣ ተማሪው ትንሿን ላስቲክ። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። «‹የቱን?› ማለት እኮ ‹አላውቅህም› ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

በበልግ እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ዛሉ፣ ምላሷ ታሰረ። ሐኪሙ ንግግሯ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረን። ወራት አለፉ፣ አልተመለሰም። ጓዳ ስናስተኛት ታቃስታለች፤ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ፣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙረን ስናስቀምጣት ዝም ትላለች። ከግራ እጇ የማይለይ ዱላ አላት። ስናነጋግራት አትመልስም፣ ራሷንም አትነቀንቅም። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ውስጧ ባዶ ቤት ሆኗል ብዬ ማታ ማታ አልቅሻለሁ።

ሱቁ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ አንባቢ ነኝ እንጂ እንደ እሷ አይደለሁም፣ ሰው በመጣ ቁጥር «የቱን?» እላለሁ። ደንበኛው ቅር ይለዋል። አንዱ ተማሪ «በማዘር ጊዜ እንዲህ አንመረመርም ነበር» ብሎኝ ወጣ። ሌሎቹ ሳይናገሩ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዱ።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ታላቅ ወንድሜ ከሐዋሳ መኪና ይዞ መጣ።

«እኔ ጋ ትሁን» አለኝ። «ቴሌቪዥን አለ፣ ሠራተኛ አለች። ሱቁን አከራዪው።»

«ጋሼ፣ ከዚህ ወንበር ከተነሳች ትሞትብናለች።»

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ መሆኗን መች አወቀችና? እኔን ልጇን እንኳ አላወቀችኝም።»

እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው። ፍራሿን አውጥቶ መኪናው ላይ ጫነ። እናቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች አየችው፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ይኼኔ አንዲት ሴት ገባች፣ ከዱመርሶ፣ ቡና ማጠቢያ የምትሠራ። ከዓምናው ለቀማ ወዲህ ብቅ ብላ አታውቅም። ነጠላዋን እያስተካከለች ለእናቴ «ደህና ነሽ እማማ» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ኦሞ ስጪኝ። ቫዝሊንም።»

ወንድሜ ፊት «የቱን?» ማለት አፈርኩ። ብዙ ሰው የሚወስደውን አነሳሁ።

ቷ! አለ ወለሉ። ዞር ስል የእናቴ ዱላ ወደ ላይ ተነስቷል። ይንቀጠቀጣል። ጫፉ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም የማይጠይቀው አረንጓዴ ፓኬት ላይ ቆመ።

«አዎ፣ እሱን ነው!» አለች ሴትዮዋ። «ያኛው እጄን ይበላኛል።» መዳፎቿን ዘረጋችልኝ፤ ከቡናው ውሃ የተነሳ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። ዱላው አልወረደም። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደና ቢጫው ብልቃጥ ላይ አረፈ። ቫዝሊኑ።

አስቡት፣ በአንዲት «ኦሞ» ውስጥ ስንት ፓኬት አለ፣ በስንቱ ፓኬት ስንት የተሰነጠቀ እጅ! ያ ሁሉ እናቴ ውስጥ እንደተደረደረ ተቀምጦ ነበር። ባዶ ቤት ያልኩት!

ወንድሜ «አጋጣሚ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ እንደ ደንበኛ ፊቷ ቆመ። ከዚህ ቤት ከወጣ ሃያ ዓመት ያልፈዋል።

«እሺ እናቴ። ኮልጌት ስጪኝ።»

አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ኮልጌቶቹ ፊት ለፊቷ ናቸው፣ አምስት ዓይነት። ዱላው አለፋቸው። ወረደ፣ ወደ በሩ ዞረና በብርጭቆ የቆመውን መፋቂያ ነካ አደረገው።

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ጋሼ ልጅ ሆኖ የጥርስ ሳሙና አፌን ያቃጥለኛል እያለ ግቢውን በለቅሶ ያናውጠው ነበር፤ ያደገው በመፋቂያ ነው። እናቴም ሳቀች፣ በግማሽ አፏ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። ወንድሜ መሳቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተሰበረበት፤ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። ግራ እጇ ዱላውን ለቀቀና ፀጉሩ ላይ አረፈ።

ከዚያ ተነሳ። ወጥቶ ፍራሹን ከመኪናው አወረደ። ለብቻው ሲከብደው የዱመርሶዋ ሴት ኦሞዋን ብብቷ ውስጥ ከታ በዚያኛው ጫፍ ያዘችለት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አለችና ወደ ወንበሩ ዞራ አየች።

«ቆይ እንጂ» አለች፣ «እማማ ዛሬ ለምን አትናገርም?»