ባዶ ሲተው የሚደወልለት ሰው

ፕሮግራመሩ የዓይን ሆስፒታሉን የቀጠሮ ፕሮግራም ብቻውን ከጻፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መልእክት የሚልከው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ፋንክሽኑ፣ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ቀጠሮውንና የአጃቢውን ስልክ። ስልክ ከተሰጠው ወደዚያው ይልካል፤ ካልተሰጠው ግን አስቀድሞ ወደተቀመጠለት ቁጥር ይልካል። ያን ጊዜ ለሙከራ ብሎ ያስቀመጠው የሚስቱን ቁጥር ነው፤ ሊያነሳው አስቦ ረሳው።

አጃቢ የሌለው ታካሚ ሁሉ መልእክቱ እሷ ዘንድ ይገባ ጀመር። አፍሮ ላስተካክለው ሲላት ሳቀችበት።

«ተወው ባክህ! አንተ እንደሆነ ከኮምፒውተርህ ሌላ ዘመድ አታመጣልኝም።»

ከዚያ በኋላ ከመልእክቱ ጋር በሚመጣው የታካሚው ቁጥር እየደወለች ትሄድላቸው ነበር። የማታውቀውን ሰው ክንድ ይዛ ደረጃውን ስታወርድ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለው ቢሮው በመስኮት ያያት ነበር።

ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስልኳን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ቻርጅ ያደርገዋል። መልእክት ሲገባ ድምፁን ይሰማል እንጂ ከፍቶ አያነብም። ድምፁ ብቻ ይበቃው ነበር።

ዘንድሮ ተራው የራሱ ሆነ፤ የግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ካርድ ክፍል ቅጹን ሲሞላ «አጃቢ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ማንን ይጻፍ? ባዶውን መለሰው።

ቢሮው ገብቶ ሳይቀመጥ መሳቢያው ጮኸ። የዛሬውን ግን ከፍቶ አነበበው።

«ዘመድዎ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ቀዶ ሕክምና አለው። ያለ አጃቢ አይስተናገድም።»

ቃላቱን የጻፈው ራሱ ነው፤ እንዲህ እንደሚከብዱ ግን አያውቅም ነበር። እንባው መጣ። ከበላዩ ማንም ያልሄደላቸው ስልሳ ሦስት መልእክቶች ተደርድረዋል። በራሱ አፈረ። ከእነሱ የመጨረሻው የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ቀጠሮው ለማክሰኞ። በዚያው በሚስቱ ስልክ ደወለለት።

«ልጄ!» አለ ሽማግሌው፣ እሱ ሃሎ ሳይል። «ምነው ጠፋሽ? በየቀጠሮዬ ደረጃው ሥር ቆሜ ስጠብቅሽ!»

«አባባ፣ እሷ አይደለሁም። ባሏ ነኝ። እሷ… አርፋለች። ሁለት ዓመቷ።»



«ነፍስ ይማር» አለ ሽማግሌው። «እና አንተ ማን አለህ?»

ፕሮግራመሩ መለሰለት። «ማክሰኞ እኔ እመጣልዎታለሁ። ሐሙስ ደግሞ የእኔ ቀጠሮ ነው። ይመጡልኛል?»

«የሚሠራው አንድ ዓይኔ ነው» አለ ሽማግሌው። «አንዱ ይበቃናል።»

ቁጥሩን ከፕሮግራሙ አላነሳውም። ካርድ ክፍል ተመልሶ ቅጹን ተቀበለና የሽማግሌውን ስም ጻፈ። «ዝምድና» የሚለው ላይ ጥቂት ቆይቶ «የሚስቴ ዘመድ» ብሎ ሞላው።