ህንዱ መምህራችን ለምርጫ የሄዱ ጊዜ

የኮኮናት ዘይት ሽታ ነው ያስታወሰኝ፣ ልጄ። ትናንት ሳን ሆዜ፣ ላይት ሬሉ፣ የከተማው ባቡር ውስጥ አንድ ህንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ፀጉራቸው በዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል። ስልካቸው ላይ የአገራቸው ፓርላማ ይንጫጫል። “በፓርቲ የተነሳ ከልጄ ጋር አንነጋገርም፤ ፓርቲው ግን ሁለታችንንም አያውቀንም” አሉኝና ስልኩን አጠፉት።

የጂኦግራፊ መምህራችንም እንዲሁ ነበር የሚሸቱት፤ ኮኮናትና ጠመኔ። ያኔ አገራችን በህንድ አስተማሪ የተሞላ ነበር። እኔ በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ የሳቸው ክፍል ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ካርታው ላይ ታርፍ ነበር።

በአገራቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ተቃዋሚ የተባለ ሁሉ የሚታሰርበት ወቅት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ነበሩና እስር ቤት ገብተዋል። ይሄን የነገሩን አከራያቸው ናቸው፤ መምህራችን ራሳቸው አያወሩትም።

አንድ ቀን የክፍል አለቃ ምረጡ አሉን። ወረቀት ቀደው አደሉ። “ስም ጻፉ፣ እጠፉ፣ ለማንም አትናገሩ።” እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። የወረዳው አስተዳዳሪ ልጅ ይወዳደር ስለነበር፣ ወረቀታችንን ከትተን ስንመለስ ሁላችንም ጆሮው ስር “አንተን ነው የመረጥሁ” አልነው። ልጁ ገና ሳይቆጠር ደብተሩን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ! ሲቆጠር አንድ ድምፅ አገኘ፤ እሱም በራሱ የእጅ ጽሑፍ። መምህራችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። “የሚታጠፈው ለዚህ ነው” አሉ፣ ዝግ ብለው።

ዛሬ ድምፄን የምሰጠው ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በፖስታ ነው። ወረቀቱን በክንዴ ስከልለው የልጅ ልጄ “ኖባዲ ኬርስ፣ አባባ” ትለኛለች፤ ማን ግድ አለው ማለቷ ነው።

ከክፍላችን ምርጫ ከወራት በኋላ የመምህራችን አገር ምርጫ ጠራ። አውቶቡስ ተራ ልንሸኛቸው ስንሄድ ዳይሬክተሩም መጥቶ ነበር። “ለአንድ ድምፅ ባሕር ይሻገራሉ እንዴ? የሥራ ኮንትራቱ እኮ ይቋረጥብዎታል” አላቸው።

“አንድ ድምፅ እስር ቤት አይከፍትም። ግን ወንድሜ የወጣ ቀን፣ አንተ የት ነበርክ ይለኛል” አሉት።

ሄዱ። አልተመለሱም።

የህንድ መንግሥት በምርጫ መሸነፉን ከሻይ ቤት ሬዲዮ ሰማሁ። እግሬ በልማድ ወደ መምህራችን ቤት ሮጠ። በሩ ተቆልፏል። አከራያቸው ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ።

“ያሰሯቸው ተሸነፉ እኮ፣ እማማ!”

“ወንድሙ ተፈታ ማለት ነው?”

“መሰለኝ።”

እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ተቆለፈው በር ዞሩ። “እልል ልበል ወይስ እስኪመለስ ልቆይ?” አሉኝ።

ከቀረው እርጥብ ልብስ አንዱን አንስቼ አብሬያቸው አሰጣሁ።