ጀርመናዊቷ አልቃሻችን

ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ጀርመናዊት አሮጊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ሥራቸው ማልቀስ ነበር። ወታደር ሲሸኝ ያለቅሳሉ፣ መርዶ ሲመጣ ያለቅሳሉ፤ ተመልካቹም ተከትሎ ይነፋረቃል። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን እነዚያን ፊልሞች ማስታወስ የፈለገ ስላልነበረ እሳቸውም አብረው ተረሱ። አግብተው ጆሃንስበርግ መጡ። ባላቸው ሞቱ፤ ልጅ የላቸውም። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለስንቱ አልቅሼ፣ እኔን ሬሳ ሳጥን ሻጩ ብቻ ይቅበረኝ?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጀርሚስተን ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ቴምቢሳ ሰፈር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የመንደር ሱቅ የነበረችው ያገራችን ልጅ ሞቶ ነው። ብቻቸውን ጥያቸው መሄድ ስለማልችል ጎጎን ይዣቸው ሄድኩ፤ በዙሉ አሮጊት ጎጎ ነው የምትባለው፣ እኔም እንዲያ ነው የምጠራቸው። ለቅሶ ቤቱ ጭር ብሏል። ወንዶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ እኛ ሴቶቹም ከሱቅ ወደ ሱቅ ስንሮጥ የለቅሶውን ወግ ረስተነዋል። ጎጎ የሰጠናቸውን ወንበር ትተው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ እንባቸው ያለ ድምፅ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ቤቱ በሙሉ ተንሰቀሰቀ።

ሹክሹክታውም አልዘገየም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ አንዷ በድብቅ ያገባቸው ሚስቱ ናቸው አለች። አይደሉም ማለት እችል ነበር፤ ግን ወሬው ጣፈጠኝ።

ስንወጣ ጎጎ ያ ሁሉ ሰው የሟቹ ዘመድ እንደሆነ ጠየቁኝ። እድርተኛ ነው፣ በቅጡ የማያውቀውም ይመጣል አልኳቸው።

«እኔንም አስገቢኝ» አሉ።

የእድሩ ዳኛ አሻፈረኝ አሉ። ዘጠና ያለፈች ሴት ገብታ ነገ ልትሞትብን ነው እኮ፣ አሉኝ። እኔም፣ የእርስዎ ቀን ሲደርስ የሚያለቅሱልዎ እነዚያ ስልክ ነካኪዎች እንዲሆኑ ነው የሚፈልጉት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰቡበት። ጎጎ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ አልቀረባቸውም። ሴቶቻችንን መስኮት አጠገብ እየሰበሰቡ፣ አትቸኩሉ እያሉ ያሠለጥኗቸው ነበር።

ባለፈው ሰኔ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ዐረፉ። እድሩ ነቅሎ መጣ። መቃብሩ ዳር ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ዳኛው ሳይቀሩ። ጎጎ ቢያዩ እንዴት በኮሩ።

እኔ ግን ጀርባዬን ለብርሃኑ ሰጥቼ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ እዬዬ ብዬ ጮህኩ። ትዕይንቱን አበላሸሁባቸው።