መስኮት የጋረደ ስኮርታ

እናቴ መቀመጥ ሲያቅታት፣ ሾፌሩ አባቴ ተኝታ ጸበል እንድትሄድ በመኪናቸው የምትጎተት፣ መኝታ ያላት አዲስ ተሳቢ ወረታ ከተማ አሠሩላት። ስኮርታው ግን ከተሳቢዋ ጎን ታስሮ ብቸኛዋን መስኮት ጋረዳት።

«ሩዙ አሽቷል አሉ። እስቲ ይህን ጎማ አንሣውና የፎገራን ሜዳ ልየው» አለቻቸው እናቴ።

«ያለ ስኮርታ መንገድ አይወጣም» አሏት አባቴ። ጣሪያው ላይ ይታሰር ብዬ ነበር፤ ሾፌር መቼ ምክር ይሰማል!

እናቴ ከጸበሉ ሳትመለስ ዐረፈች።

በተዝካሯ ማግስት አባቴ ቁልፍ ይዘው ሜዳው ዳር ወደቆመችው ተሳቢ ሄዱ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ጎማውን መሬት ላይ ጣሉት። ከዚያ ገብተው እሷ በተኛችበት ፍራሽ ላይ ተጋደሙ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቷ አዙረው።

«ሜዳው ይታያል?» አልኋቸው።

«ይታያል» አሉ። «ሩዙ ታጭዷል።»