የሐጃ መብሩካ ሞት፣ ለአንድ ተዋናይ

ሙልዲ የመጀመሪያውን ተውኔት ሲጽፍ ዘጠኝ ተዋንያን ነበሩት። በሁለተኛው ስድስት ቀሩ፤ ሁለቱ ተጋብተው ሄዱ፣ አንዱ ሙሽራዋን ለራሱ አስቧት ኖሮ አኩርፎ ቀረ። ቀጥሎ አራት ሆኑ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ሰው ሲጠይቀው «እኔ የማምነው በአጭር ተውኔትና በጥቂት ሰው ነው፤ ሰው ሲበዛ ጥበብ ይቀጥናል» ይል ነበር። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። እውነቱን ግን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተውኔቱ ያጠረው ተዋናይ እየጠፋ ነው። ሰው ቢያገኝ ኖሮ የአምስት ሰዓት ይጽፍ ነበር፤ የከተማው፣ የመንዘል ሐራይር፣ ሕዝብ ከዚህ መዓት የዳነው በተዋንያን እጥረት ነው።

ቀን ቀን ሙልዲ በማዘጋጃ ቤቱ የልደትና የሞት መዝጋቢ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በከተማዋ ሙልዲ ሳይጽፈው የተወለደ፣ ሙልዲ ማኅተም ሳያሳርፍበት የሞተ የለም። ሰዉ «ሲ ሙልዲ»፣ አቶ ሙልዲ እንደ ማለት፣ እያለ በአክብሮት ይጠራዋል፤ አክብሮቱ ግን ለመዝጋቢው ነው እንጂ ለደራሲው አይደለም። ሚስቱ ነዚሃ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም።

«ካንተ ድርሰት ሁሉ የሚበልጠው የሞት ምስክር ወረቀት ነው» ትለዋለች። «አጭር ነው፣ ባለ አንድ ሰው ነው፣ ሁሉም ያለቅስበታል።»

ታዲያ ይህ ሰው በራሱ ተውኔት እንኳ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቦታው ከመጋረጃው ኋላ ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ለሚረሳ ተዋናይ ቃል ማቀበል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያን ሥራ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። ይህ ግትርነቱ አንድ ጊዜ ክፉኛ አስከፍሎታል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አባቱ ጀሉል፣ የጀልባ አናጢው፣ ታመው ተኝተው ሳለ ሙልዲ የሁለት ሰው ተውኔት ነበረው። «አንድ ሰዓት ነው፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ የአባቱ ፊት ተሸፍኖ ጠበቀው።

እናቱ ሐጃ መብሩካ ያን ቀን «የት ነበርክ?» አላሉትም። በማግስቱም በዓመቱም አላሉትም። ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው «እንዴት አደርሽ እማዬ» እያለ ፊታቸው ላይ ያቺን ጥያቄ ሲፈልግ ኖረ፤ እሳቸው ደግሞ «ደህና፣ ቁርስህን ብላ» ይሉታል። ይቅር ብለውት እንደሆነ አያውቅም፤ ለመጠየቅም ወኔው የለውም።

ዘንድሮ አንድ ተዋናይ ብቻ ሲቀረው አንድ ነገር ጻፈ። አንድ መዝጋቢ የገዛ እናቱን ሞት ሲመዘግብ፣ ቅጹን እየሞላ ብቻውን ያወራል። መጨረሻው ላይ እናቲቱ በሞት አፋፍ ሆና «ለአባትህ ያልደረስክለትን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» እንዳለችው ይናገራል። በቃ። መጠየቅ የፈራውን ይቅርታ በብዕር ቀማ። ለእናቲቱ ስም አንድ ሳምንት ሙሉ ፈለገ፤ የጻፈው ስም ሁሉ ውሸት ውሸት አለው፤ በመጨረሻ «መብሩካ» ብሎ ጻፈና «ጥበብ እውነት ናት» አለ ለራሱ። እንዲህ ያለ ነገር በተናገረ ቁጥር ጥፋት እንደሚከተል በዚህ ዕድሜው ማወቅ ነበረበት። ግን እናቱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከግቢ አይወጡም። ማን ይነግራቸዋል ብሎ ተማመነ።

ትርኢቱ የተያዘው ለዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተዋናዩ ዓሣ ሻጩ ሐማዲ፣ ዓርብ ጠዋት ጉሮሮውን እየጠቆመ ማዘጋጃ ቤት መጣ።

«ድምፄ ሄደ፣ ወላሂ» አለ በሹክሹክታ። «ትናንት ሰርዲኑ በዛና ስጮህ ዋልኩ።»

«ሐማዲ፣ አትግደለኝ! ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?»

«አንተስ? ቃሉን እንደሆነ በልብህ ይዘኸዋል። ደግሞ መዝጋቢ ነው የምትሆነው፤ ይሄ ምን ትወና አለው? ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ነው።»

ያን ቀን የባህል ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሙልዲ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ፤ ሁለት መቶ ሰው! ለሙልዲ የመጣ ግን የለም። የከተማው በጎ አድራጊዎች ለኢድ በግ በዕጣ ሊያወጡ ነው። በጉ ከበር ታስሮ ባእ እያለ ሕዝብ ይጠራል፤ ከሙልዲ ማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ እሱ ሠራ። ከተቀመጠው ሰው ግማሹ በዕድሜው ተውኔት አይቶ አያውቅም። ዕጣውን የሚያወጣው ሰውዬም ልቡ በጉ ላይ ስለነበረ «ከዕጣው በፊት ሲ ሙልዲ አንድ አጭር ነገር ይነግረናል» ብሎ ወረደ። ተውኔት የሚል ቃል አልወጣውም።

ሙልዲ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ የሥራ መዝገቡን ታቅፎ ወጣና ተቀመጠ። ድምፁ በፍርሃት ተንቀጠቀጠ።

«የሟች ስም» አለ። «መብሩካ። የጀሉል ባለቤት። ማክሰኞ፣ በንጋት ሶላት ሰዓት።»

ከፊት ረድፍ ሐጃ ዘኪያ፣ የእናቱ የልጅነት ጓደኛ፣ ብድግ አሉ። «ኢና ሊላሂ! መብሩካ? ማክሰኞ? እስከ ዛሬ ሳትነግሩን?»

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይባንን ነበር። ሙልዲ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለተውኔቱ ከተመልካች ያገኘው ምላሽ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብቻ ስለነበረ፣ ልቡ በደስታ ዘለለች። ገቡልኝ! አለ በሆዱ። ቀጠለ። አሮጊቶቹ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ለቅሶው ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ። ይቅርታው ላይ ሲደርስ ራሱም አለቀሰና ሁለት መስመር ዘለለ። ማኅተሙን አንስቶ ጧ! አደረገ፤ አለቀ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ተመልካች ለታላላቅ ተዋንያን ሲነሣ ሙልዲ በቴሌቪዥን አይቷል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሰዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟች ነፍስ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ አነበቡ። በር ላይ ቆሞ ሲሸኛቸው አንድ በአንድ እያቀፉ «አላህ ሶብሩን፣ ብርታቱን ይስጥህ» ይሉታል፤ እሱም «አመሰግናለሁ፣ ግሩም ተመልካች ናችሁ» ይላቸዋል። እርስ በርስ እየተያዩ «ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው» እያሉ ወጡ። አንድ ሁለቴ ጠረጠረ። ግን ሠላሳ ዓመት ጭብጨባ የተራበ ሰው ጥርጣሬን አያስጠጋም። ዕጣው በሐዘኑ ምክንያት ለሌላ ቀን መዛወሩን እንኳ ሳይሰማ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጃ መብሩካ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ፤ ሙልዲ ወጥ ቤት ውስጥ ጢሙን ይላጫል። መጀመሪያ አርባ ወንበር የጫነ ጋሪ መጣ። ቀጥሎ በሩ ተከፈተና ሐጃ ዘኪያ ትልቅ የኩስኩስ ድስት ይዘው፣ ስድስት ሴቶች አስከትለው ገቡ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ነው የሚያበላው።

«ዘኪያ?» አሉ መብሩካ ቀና ብለው። «ምነው በጠዋቱ? ማን ሞተ?»

ዘኪያ «ቢስሚላህ!» ብለው ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ዘፍ አሉ። ድስቱን ግን አልለቀቁም። «አንቺ!»

«እኔ?»

«ማክሰኞ!»

«ማክሰኞማ ነዚሃ ራሴን አጥባኛለች። ከዚያ ሌላ የደረሰብኝ የለም።»

«ልጅሽ መዝገብ ላይ ጻፈሽ እኮ! በዓይናችን በብረቱ! ማኅተምም መታብሽ!»

ሙልዲ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ግማሽ ጉንጩ አረፋ እንደሆነ ደርቆ ቀረ። የትናንቱ ነገር ሁሉ፣ መነሣቱም ማቀፉም ለቅሶውም፣ በአንድ ጊዜ ተገለጠለት። ነዚሃ አጠገቡ ቆማ ሳቋን በፎጣ አፍናለች። «ደስ ይበልህ» አለችው፤ «በመጨረሻ የሚያምንህ ሕዝብ አገኘህ።»

የመጣ ኩስኩስ አይመለስምና ሴቶቹ ተቀምጠው በሉ፣ ሟችም አብረው በሉ። እየበሉም ለመብሩካ የገዛ ሞታቸውን ተረኩላቸው፤ ከሙልዲ አሳምረው ነው የተረኩት።

«ሲያምርብሽ!» አሉ ዘኪያ። «ምነው እኔም እንዲህ ያለ አሟሟት ባገኘሁ! በተለይ ስለ ጀሉል ይቅር ያልሽው ጊዜ፣ አዳራሹ እዚያ ላይ ነው እንባውን ያፈሰሰው።»

የመብሩካ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ምን አልኩት?»

«‹ለአባትህ ያልደረስክለትን ይቅር ብዬሃለሁ› አልሽው።»

መብሩካ «ጨምሩ፣ ብሉ» ብቻ አሉ። ሙልዲ ከበሩ ኋላ ሆኖ ያንን ዝምታ ሰማው፤ የሚያውቀው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ዝምታ ነው።

ሴቶቹ ሲወጡ መብሩካ «አንተ መዝጋቢ!» ብለው ተጣሩ። «ና ውጣ ከዚያ። ወረቀቱንም ይዘህ ና።»

«እማዬ፣ ቀልድ ነው እኮ፣ ጨዋታ ነው።»

«ሁለት መቶ ሰው ሞቴን ሲሰማ የሞቱ ባለቤት እኔ ግን አልሰማሁም። አንብብ።»

ሙልዲ ከአርባው ወንበር አንዱን ስቦ ተቀመጠና አነበበ። «‹ክረምት በገባ ቁጥር እናቴ ዱቄቱን በእንባዋ እያራሰች ታቦካ ነበር...›»

«በእንባዬ? ሊጥ በውሃ ነው የሚቦካው። አጥፋው።»

አጠፋ። «‹እጆቿ እንደ አሮጌ የወይራ ቅርንጫፍ...›»

«የማን እጅ ነው ቅርንጫፍ? አጥፋልኝ!»

የአሥር ደቂቃው ተውኔት ወደ አራት ደቂቃ ወረደ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ አራሚ ገጥሞት አያውቅም፤ ደግሞ የከፋው፣ በሁሉም ልክ ነበሩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠ።

«ዘለልክ» አሉ።

«አልዘለልኩም።»

«ልጄ፣ ይህችን ስትዘል አሥራ ስምንት ዓመት አይቼሃለሁ። አንብብ።»

አነበበ። ትናንት የተንቀጠቀጠለት ድምፁ ዛሬ እንደ ቅጽ ደረቅ ሆነ። «‹ለአባትህ ያልደረስክለትን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ።›»

«ይህን አላልኩም።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።» ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን እንደ ልጅ ፈራ። አሁን ሊነግሩት ነው፤ ይቅር አላልኩህም ሊሉት ነው።

መብሩካ የባቄላ ልጣጩን ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ። «አባትህ ያን ቀን ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «‹ልጁ የት ነው› አይደለም ያለኝ፤ የት እንዳለህ ያውቃል። ‹ሰው መጥቶለታል ወይ?› ነው ያለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነው ያለሁት። ‹ሞልቷል› አልኩት። ‹በር ላይ የቆመም አለ› አልኩት። ደስ አለው። ‹እንግዲያው አትጥሪው፣ ይጨርስ› አለኝ። አልጠራሁህም። አዳራሹ ሁለት መንገድ ተሻግሮ እኮ ነው፤ ሰው ብልክ ትደርስለት ነበር። በየማለዳው ፊቴን ስታየኝ፣ እኔም ያንተን ሳይ ነው የኖርኩት። ዛሬ ነው ‹ለምን አላስጠራሽኝም› የሚለኝ፣ ዛሬ ነው እያልኩ።»

ሙልዲ፣ ለስንቱ ሰው ንግግር የጻፈ ሰው እናቱ ጉልበት ላይ ግንባሩን ጥሎ ተንሰቀሰቀ፤ ጉንጩ ላይ የደረቀው አረፋ ቀሚሳቸውን ነጭ አደረገው። ይቅር ባይ ሲፈልግ የኖረው ለካ ይቅርታ ከምትጠብቅ ሴት ጋር ነው። እሳቸውም ፀጉሩን ዳሰሱ።

«ለመሆኑ» አሉ ቆይተው፣ «ያን ቀን ስንት ሰው ነበር?»

ሙልዲ ቀና አለ። መዋሸት ይችል ነበር፤ የሚያምር ውሸትም አላጣም።

«አሥራ አንድ» አለ። «ከዘበኛው ጋር አሥራ ሁለት።»

መብሩካ ትክ ብለው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም።

«ይሁን» አሉ። «እዚያ ስሄድ ለአባትህ አልነግረውም።»