ላስቲኩ ያልወጣለት ወንበር

ይህ የደረሰብኝ አምና ነው። ሰኔ ላይ ተጀምሮ ጥቅምት ላይ አለቀ። አለቀ የምለው ለሌላው ሰው ነው እንጂ እኔ እስከ ዛሬ የሆነ ቦታ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከሰማሁ ልቤ ይደነግጣል። ከኋላዬ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝና ዞር እላለሁ።

ሥራዬ የሰው ቤት ማሳመር ነው። የምኖረው ቡራዩ ሲሆን ሰበታም ሱሉልታም አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ይጠሩኛል። መጋረጃ፣ ቀለም፣ መብራት፣ የዕቃ አቀማመጥ፣ ሁሉንም እሠራለሁ። በተለይ ሩጫ የበዛባቸውን ሴቶች ቤታቸው እንዲያሳርፋቸው አደርጋለሁ እያልኩ በቴሌግራም ቻናሌ ጉራዬን እነዛ ነበር። የራሴ ቤት ግን ካርቶን የተደረደረበት መጋዘን ነው።

እትዬ አለሚቱ ያገኘችኝ በዚሁ ቻናል ነው። ሃምሳን ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከልጇ ከሲፈን ጋር ሱሉልታ የምትኖር ነርስ ነበረች። የምትሠራው አዲስ አበባ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት ሳቀች።

"አንቱታውን ተዪው ልጄ፤ ገና ነኝ" አለችኝ።

ሳሎኗን ዞሬ አየሁት። ጥልፍ የለበሱ ትልልቅ ሶፋዎች፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን። ሁሉም እንግዳ የሚጠብቅ ነው። "አንቺ ግን የት ነው የምትቀመጪው?" ብዬ ጠየቅኳት። ዙሪያዋን ደጋግማ አየች።

"እኔማ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ቤት ስገባ ኩሽና፣ ከዚያ አልጋ። ማል ጎና? ምን ይደረጋል?" አለች።

ይህን ስትል አንጀቴን በላችው። ቡፌው ወደ ሜዳው የሚያሳየውን መስኮት ከልሎት ነበር፤ ከዚያ አስነሳሁት። በቦታው አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አሠርቼ አስገባሁ፤ ክሬም ጨርቅ የለበሰ፣ የእግር ማሳረፊያ ያለው። አጠገቡ ትንሽ ጠረጴዛና መብራት አደረግኩ። "ይሄ የእንግዳ አይደለም፣ ያንቺ ብቻ ነው" አልኳት። መደገፊያውን በእጇ ዳበሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"በዚህ ቤት የኔ የሚባል ቦታ ኖሮኝ አያውቅም" አለች።

ልትቀመጥ ስትል ከለከልኳት። አዎ፣ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሰኔ ስለሆነ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፎቶ ጥሩ አይወጣም። ክሬም ጨርቅ ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል። "የተሸፈነበት ላስቲክ እንዳለ ይቆይልኝ። ፀሐይ ሲወጣ መጥቼ ለቻናሌ ፎቶ ላንሳው፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ትሆኚበታለሽ" አልኳት።

"እሺ ልጄ፣ ይህን ያህል ለፍተሽልኝ!" አለች።

ክረምቱ ወጣ። እኔ ደግሞ መስከረም ላይ ሰበታ አንድ ትልቅ ቤት ያዝኩ። እሁድ እመጣለሁ አልኳት፤ ቀረሁ። ከመስቀል በኋላ አልኳት፤ ቀረሁ። ሦስተኛ ጊዜ የቀረሁት ለምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። አንድም ቀን ግን አልተቆጣችኝም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ስልኳ ቢጠራም አይነሳም። ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ሲፈን ትከፍትልኛለች ብዬ ነው። ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈሯ ስገባ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤት ሰርግ ያለ መስሎኝ ፈገግ እንዳልኩ ተጠጋሁ። ድንኳኑ የተተከለው እሷ ደጃፍ ላይ ነበር።

በሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ካሜራዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

"አልሰማሽም እንዴ ልጄ? አለሚቱ እኮ ሞተች" አሉኝ። ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታዋ ድንገት ወድቃ በዚያው ቀረች። ካሜራውን ሹራቤ ሥር ሸጎጥኩት።

ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ መሬቱ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ወንበሩ ግቢው ጥግ፣ ከቡፌው ጎን ቆሟል። ላስቲኩ እንዳለ ነው። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ተቀምጦ እሱ ላይ የተቀመጠ አንድም አልነበረም።

ሲፈን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ቀና ስትል ከሹራቤ ሥር የወጣውን የካሜራ ማንገቻ አየችው።

"ፎቶውን ልታነሺ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ማንገቻውን ወደ ውስጥ ከተትኩት። እሷ ቀጠለች። "ከሥራ ስትመጣ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ነበር የምትቀመጠው፣ ወንበሩን ተደግፋ። 'እማዬ፣ በቃ ተቀመጪበት' ስላት 'ልጅቷ ፎቶ ሳታነሳውማ አይሆንም፤ እሺ ብያታለሁ' ነበር የምትለኝ።"

ተጠግቼ አየሁት። በአንዱ ጎኑ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው ራሱን በሚያስደግፍበት ከፍታ ላይ ላስቲኩ ደብዝዟል። የፀጉር ቅባት ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ስትደገፍ ከርማለች።

"ላስቲኩን ላውጣው?" አልኳት ሲፈንን።

"ተዪው። እሷ ያላወጣችውን እኛ አናወጣውም" አለች።

ለአርባዋ ስሄድ ዕቃው ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ወንበሩም ከነላስቲኩ መስኮቱ ጋ ነበር። ሰው እህል እየቀመሰ ሲጨዋወት በመሀል ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ሰው ተደግፎ ቆይቶ ሲነሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ነፋስ ይሆናል። ሲፈንም ሰምታለች። ተያየንና ሁለታችንም አቀረቀርን።

አሁን አንድ ቤት ስጨርስ መጀመሪያ የማደርገው ላስቲኩን በገዛ እጄ መቅደድ ነው። የቤቱን ባለቤት አስቀምጬ፣ ጫማዋን አስወልቄ፣ ደገፍ ስትል ሳላይ አልወጣም። ፎቶ ማንሳት ትቻለሁ፤ ቻናሉንም ዘግቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ባደርግም ጥፋቴ ከላዬ አልወረደም።

ሦስተኛ ጊዜ የቀረሁ ዕለት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ስልኬ ውስጥ አለ። ልሰርዘው አልቻልኩም። አንዳንዴ ከሥራ ገብቼ፣ በካርቶኖቼ መሀል እንደቆምኩ እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ተደግፋው ነው።

"አይዞሽ ልጄ፣ ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ" ትላለች። "ወንበሩ የት ይሄዳል? እኔስ ብሆን የት እሄዳለሁ?"