የኪሃቺ አውራ ጣት

በዋጂማ ከተማ የእንጨት ሳህን በዛፍ ሙጫ ቀብቶ በማሳመር ኪሃቺን የሚያህል አልነበረም፤ በክፉ አፍም እንዲሁ። ሚስቱ ሞታ፣ ልጁ ለሥራ ኦሳካ ከገባ ወዲህ ስድቡን ሁሉ የምትጠጣው ምራቱ ፉሳኤ ነበረች። ፉሳኤ ሳህን ስታለሰልስና የታችኛውን ቅብ ስትቀባ ወጣትነቷ አለቀ። የመጨረሻው ቅብ የሚቀባበትን ክፍል ግን ደፉን አልረገጠችም። እርጥብ ቅብ ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ የሴት ልብስ አቧራ ያራግፋል ባይ ነው።

ታዲያ ብሩሹ አለቀበት። የዚህ ሥራ ብሩሽ የሚሠራው ከሴት ፀጉር ነው። የእሱም ከሟች ሚስቱ ፀጉር የተሠራ ነበር። ብሩሽ ሠሪው ዴንቤይ ሳቀበት።

«ቀለምና ካውያ ያልነካው ረጅም ፀጉር ዛሬ ከየት ይመጣል? ያው እቤትህ አለልህ አይደል!»

ኪሃቺ እራት ላይ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ፀጉርሽን ቁረጪ» አላት።

«እቆርጣለሁ። የመጨረሻውን ቅብ ግን እኔ እቀባለሁ።»

«አንቺ የጠላቂ ልጅ! ሂጂና ባሕርሽ ውስጥ ቀንድ አውጣሽን ልቀሚ!»

«ፀጉሬ ሲገባ ንጹሕ ነው፣ እኔ ስገባ ነው አቧራ የሚራገፈው አባባ?»

«አንድ ሳህን ቀቢ» አለ ሽማግሌው። «ብናኝ ከሌለበት ክፍሉ ያንቺ ነው። ካለበት ፀጉርሽን ሰጥተሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

ፉሳኤ በዚያው ባለቀ ብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ ቀባች። ኪሃቺ ሳህኑን መስኮት አጠገብ ወስዶ ዘቅዝቆ አየ፣ አገላብጦ አየ። ምንም የለም። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ አውራ ጣቱን እርጥቡ ቅብ መሐል ላይ ጫን አደረገ።

«ይኸው! ቆሻሻ አለበት።»

ደሟ ፈላ። ሳህኑን አናቱ ላይ ብትሰብረው ደስ ባላት። ግን ቅቡ በእርጥበት የሚደርቅበት ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። የጣቱ አሻራ እንዳረፈ ደረቀ። አንድ ጊዜ ከደረቀ ወዲያ ማንም አያጠፋውም። ያንን ሳህን ይዛ ኪሃቺ በዓይኑ ማየት ወደማይፈልገው ተፎካካሪው ሳህን ቀቢ፣ ወደ ታጋሚ ሱቅ ሄደች።

ታጋሚ አገላብጦ አየው። «ቅቡስ እንከን የለውም። ይሄ ጣት የማን ነው?»

«የአማቴ።»

ሠራተኞቹ ሳህኑን እየተቀባበሉ በሳቅ ፈረሱ። ታጋሚ ግን አልሳቀም፤ በማግስቱ የመጨረሻው ቅብ ክፍል አስገባት።

ወሬው ኪሃቺ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። የታጋሚ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «ፉሳኤ! ነይ ውጪ! ክፍሉን ውሰጂ፣ እሺ! ፀጉሩን ብቻ ስጪኝ!»

ወጣች። ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ ተቆርጧል።

«ዴንቤይ ጋ ነው» አለችው። «ብሩሹን ለእኔ እየሠራው ነው።»